ፒያሳ ስንት ውሻ አለው? ምልክት አድርጎ ዳግም በማየት የመገመት የጉዳይ ጥናት

የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ዘመቻ ሲታቀድ ከሁሉ በፊት የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ክትባት ይምጣ?» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታው ሰንሰለት እንዲበጠስ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው እንዲከተቡ ይመክራል። 280 ውሾች ተከትበው የአካባቢው ውሾች ጠቅላላ ቁጥር 400 ከሆነ ግቡ ተመቷል። ጠቅላላው 520 ከሆነ ግን ሽፋኑ 54 በመቶ ብቻ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው 280 ነው። የተከተቡትን መቁጠር ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው የምናካፍልበትን ቁጥር ማግኘት ነው።

ጭንቀቱ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1903 በከተማዋ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ እንደነበር ተመዝግቧል። ዛሬም ውሻ የነከሰውን ሰው ጎረቤት «ቶሎ ፓስተር ሂድ» ይለዋል። ዓለም አቀፉ ዕቅድ በውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዳይኖር ነው። ለእያንዳንዱ ሰፈር ይህ ዕቅድ የሚጀምረው ውሾቹን በትክክል ከመገመት ነው።

እዚህ የምናየው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተነስቶ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል እስከ አራት ኪሎ የሚደርሰውን የመሃል ከተማ ክፍል ነው። የቦታው ጠባይ፣ የአሠራሩ ደረጃዎችና የስህተቱ ምንጮች የዚሁ አካባቢ ናቸው። የውሾቹ ቁጥሮች ግን ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ስለሆኑ የፒያሳ ቆጠራ ውጤት ተደርገው እንዳይጠቀሱ።

ቦታው ለምን ያስቸግራል

ውሻ ምግብ ያለበትን ይከተላል፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ የምግቡ ቦታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተለዋውጧል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወቅት አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ገበያው ትቶት ይሄድ የነበረው ትርፍራፊም አብሮ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ደግሞ ግቢዎች፣ ምግብ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች ተነሱ። ነዋሪው ሲነሳ ውሻው ሁሉ አብሮ አይነሳም። የቀረው ውሻ የግንባታ ዘበኛ ጋ ይጠጋል፣ ወንዝ ዳር ይወርዳል ወይም ወደ ጎረቤት ሰፈር ይሻገራል። ስለዚህ ከፈረሳው በፊት የተሠራ ግምት ካለ ለዛሬ ዕቅድ አይሆንም።

ወሰኑ ከቆጠራው በፊት በካርታ ላይ ይሰመር። ወንዝ ጥሩ ወሰን ነው። ሰፊ አስፋልት በቀን ጥሩ ነው፤ ሌሊት ግን ውሻው እንደልቡ ይሻገረዋል። የቆርቆሮ አጥር ወሰን ሊሆን አይችልም፤ ከሥሩ ሁልጊዜ ቀዳዳ አለ። ወሰን ላይ ያሉ ሥጋ ቤቶችና የቆሻሻ ገንዳዎች በሙሉ ወደ ውስጥ ወይም በሙሉ ወደ ውጭ ይደረጉ። መስመሩ በገንዳው መሃል ካለፈ ግማሹ የውሻ መንጋ ዛሬ ውስጥ ነገ ውጭ ይሆናል።

ስሌቱ

ሐሳቡ የቆየ ነው። ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1802 የፈረንሳይን ሕዝብ በተመሳሳይ መንገድ ገምቷል። ፒተርሰን በ1896 ዴንማርክ ውስጥ በዓሣ ላይ፣ ሊንከን በ1930 አሜሪካ ውስጥ በዳክዬ ላይ ተጠቅመውበታል፤ ስሌቱም የሁለቱን ስም ይዞ ቀርቷል። በመጀመሪያው ዙር የተወሰኑ እንስሳት ምልክት ይደረግባቸዋል። በሁለተኛው ዙር የታዩት ሁሉ ይቆጠሩና ከነሱ ውስጥ ምልክት ያላቸው ይለያሉ። በሁለተኛው ዙር የታየው የምልክት ድርሻ በጠቅላላው ውስጥ ካለው ድርሻ ጋር እኩል ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ም፦ በመጀመሪያው ዙር ምልክት የተደረገባቸው።
ታ፦ በሁለተኛው ዙር የታዩት ሁሉ።
ዳ፦ ከታዩት ውስጥ ምልክት ያላቸው።
ጠ፦ ጠቅላላ ቁጥር፤ ጠ = ም × ታ ÷ ዳ።

120 ውሾች ተከትበው ምልክት ቢደረግባቸው፣ በማግሥቱ ንጋት መንገድ ላይ 150 ቢታዩ፣ ከነዚህ 45ቱ ምልክት ቢኖራቸው፣ ጠ = 120 × 150 ÷ 45 = 400 ይሆናል። ይህ ቀላሉ ቀመር ናሙናው ሲያንስ ወደ ላይ ያጋንናል። ስለዚህ ቻፕማን በ1951 እ.ኤ.አ. ያስተካከለው ይመረጣል፦ ጠ = (ም + 1) × (ታ + 1) ÷ (ዳ + 1) − 1። በቁጥሮቹ ሲተካ 121 × 151 ÷ 46 − 1፣ ማለትም 396 ይመጣል።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ሳይጻፍ 396 ብቻውን ሪፖርት መደረግ የለበትም። የግምቱ የመዋዠቅ መጠን (ቫሪያንስ) በዚህ ይሰላል፦ (ም + 1)(ታ + 1)(ም − ዳ)(ታ − ዳ) ÷ [(ዳ + 1)² (ዳ + 2)]። ከላይ ባሉት ቁጥሮች 1,447 ገደማ ይመጣል፤ የዚህ ካሬ ሥር 38 ነው። 38ን በ1.96 አባዝተን ከግምቱ ስንቀንስና ስንደምር የ95 በመቶ ክልሉ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ የሚታመነው ስፋት፣ ከ322 እስከ 471 ይሆናል።

የግምቱን ጥራት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ዳ ነው። 20 ውሻ ብቻ ምልክት ተደርጎ 30 ቢታይ፣ ምልክት ያላቸው 2 ከሆኑ ቀላሉ ቀመር 300 ይላል፤ 3 ከሆኑ 200 ይላል። ከገንዳ ጀርባ የተኛ አንድ ውሻ መቶ ውሻ ያመጣል ወይም ይወስዳል። ዳ ከ7 በታች ከሆነ ግምት ባይወጣና አንድ ዙር ቢጨመር ይሻላል። ክልሉን በግማሽ ለማጥበብ ዳ ወደ አራት እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት፤ የሠራተኛና የገንዘብ ዕቅድ ከዚህ ተነስቶ ይሠራ።

የግቢ በር

እስካሁን ያለው ስሌት አንድ ትልቅ ነገር እንደ እውነት ወስዷል፦ ምልክት የተደረገበት ውሻ ካልተደረገበት እኩል የመታየት ዕድል አለው የሚለውን። መሃል አዲስ አበባ ላይ ይህ አይሠራም፤ ምክንያቱም የግቢ በር አለ። አንዱ ውሻ ቀን ከሌት ግቢ ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም በሰንሰለት። ሌላው ቀን ታስሮ ሌሊት ይፈታል፤ ንጋት ላይ በር ሲከፈት ወጥቶ ረፋዱ ላይ ይመለሳል። ሌላው ዘበኛ ወይም ሥጋ ቤት የሚያበላው የሰፈር ውሻ ነው፤ ስም ቢኖረውም ግቢ የለውም። ጭራሽ ሰው የማያስጠጋም አለ።

የክትባት ጣቢያ ሲከፈት በገመድ ታስረው የሚመጡት በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ንጋት ላይ መንገድ የሚቆጥረው ቡድን ደግሞ የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ነው። ምልክቱ በአንድ ዓይነት ውሻ ላይ፣ ቆጠራው በሌላ ዓይነት ውሻ ላይ ከዋለ ዳ ከሚገባው በታች ይሆንና ጠ ያብጣል። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ምልክቱ በመረብ መንገድ ላይ ብቻ ከተደረገ የሚያዙት ገራሞቹ ናቸው፤ በማግሥቱም ቀድመው የሚታዩት እነዚያው ናቸው። ያን ጊዜ ዳ ይበዛና ጠ ይኮማተራል። ሁለቱ ስህተቶች ይጣፋሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም።

መፍትሔው ጣቢያው ላይ በሚጠየቅ ጥያቄ ይጀምራል። ባለቤቱን «ውሻው ይወጣል?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ብዙ ሰው ስለሚያፍር «ኧረ አይወጣም» ይላል። «ማታ ትፈቱታላችሁ? ጠዋት በር ስትከፍቱ የት ይሄዳል? ትናንት ወጥቶ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። የሚወጣው ውሻ ቀይ የአንገት ማሰሪያ፣ ከግቢ የማይወጣው ቢጫ ይታሰርለት። በመረብ መንገድ ላይ የተያዘውም ቀይ ነው። ሌላው መጠየቅ ያለበት ቤቱ የት እንደሆነ ነው። ክትባት በነጻ መሆኑን የሰማ ሰው ከወሰኑ ውጭም ውሻውን ይዞ ይመጣል። ይከተብለት፣ ነገር ግን ም ውስጥ አይግባ፤ ነገ እዚህ መንገድ ላይ የማይታይ ውሻ ም ውስጥ ከገባ ግምቱን በከንቱ ያሳድጋል።

አሁን 120ዎቹን በቀለም እንለያቸው። 70 ቀይ፣ 50 ቢጫ ናቸው እንበል። ንጋት ላይ ከታዩት 150 ውሾች ውስጥ ምልክት የነበራቸው 45ቱ ሁሉም ቀይ ናቸው። ስለዚህ ለመንገድ ውሾች ትክክለኛው ም 120 ሳይሆን 70 ነው፦ 71 × 151 ÷ 46 − 1 = 232፤ ክልሉ ከ199 እስከ 265።

የግቢዎቹ ውሾች ለብቻቸው ይገመታሉ። በወሰኑ ውስጥ ካሉ ቤቶች በዕጣ የተመረጡ ይንኳኩ፣ ከግቢ የማይወጡ ውሾች ይቆጠሩ፣ ቢጫ ማሰሪያ ያላቸው ይለዩ። በተመረጡት ቤቶች 24 ውሾች ተገኝተው 15ቱ ቢጫ ካላቸው፣ 51 × 25 ÷ 16 − 1 = 79። ዕጣው እዚህ ላይ የግድ ነው፤ በር ቶሎ የሚከፍተው ቤት ውሻውንም ይዞ ወደ ጣቢያው የመጣው ቤት ነውና። የተዘጋ በር ሲያጋጥም ወደ ጎረቤት አይለፍ፣ በሌላ ሰዓት ይመለሱበት።

ድምሩ 311 ነው። ሳይለይ የተሠራው 396 ብሎ ነበር። ከ85 ውሻ ልዩነት በላይ ግን ዘመቻውን የሚመራው ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከመንገድ ውሾች የተከተቡት 45 ÷ 150፣ ማለትም 30 በመቶ ናቸው። ከግቢ ውሾች 15 ÷ 24፣ ማለትም 62.5 በመቶ። 70 በመቶ ለመድረስ ግቢ ውስጥ የሚቀሩት 6 ገደማ ውሾች ናቸው፤ መንገድ ላይ ግን 93። በ396ቱ ብንሄድ 157 ክትባት ቀርቷል ተብሎ ጣቢያው ለሌላ ሳምንት ይከፈትና ሠራተኛው ሲጠብቅ ይውላል፤ የቀሩት ውሾች ግን በገመድ የሚመጡ አይደሉም። ገንዘቡ ወደ መረብና ወደ ንጋት ሥራ መዞር አለበት። በዓይነት ሳይለዩ መቁጠር ይህንን ይደብቃል፤ ጊዜ አጥሮ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የሚቻል ቢሆን የሁለቱ ቀለም ማሰሪያ ይቅደም እንላለን።

ቢጫ ማሰሪያ ያለው ውሻ መንገድ ላይ ከታየ ደግሞ ራሱን የቻለ መረጃ ነው። ለብቻው ይመዝገብ፤ ብዛቱ የባለቤቶች መልስ ምን ያህል እንደሚታመን ያሳያል። ከጥቂት በላይ ከሆነ ክፍፍሉ አልሠራምና የግቢ ውሾች በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደሚወጡ መልሶ መገመት ያስፈልጋል።

ምልክቱ

ከሩቅ የማይታይ ምልክት ለዚህ ሥራ ምልክት አይደለም። ከቆዳ ሥር የሚገባ ቺፕ ለባለቤትነት ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ ለሚቆጥር ሰው ግን የለም ማለት ነው። ማሰሪያው በንጋት ብርሃን ከ20 ሜትር ርቀት መለየት አለበት። ከታሰረ በኋላ በማሰሪያውና በአንገቱ መሃል ሁለት ጣት ይግባ፤ ከዚያ ከላላ በእግሩ ያወልቀዋል፣ ከጠበቀ ያቆስለዋል። በማደግ ላይ ላለ ቡችላ የማይሳብ ማሰሪያ አይታሰር። ቡችላ በቀለም ብቻ ምልክት ይደረግበት፤ ከሦስት ወር በታች ያለውም ይከተባል።

ማሰሪያ ይጠፋል። ልጆች ይፈቱታል፣ ባለቤት «አስቀያሚ ነው» ብሎ ይቆርጠዋል፣ ውሾች ሲጣሉ ይበጠሳል። እያንዳንዱ የጠፋ ምልክት ዳን ይቀንሳል፣ ጠን ያሳድጋል። ከ45ቱ አምስቱ ጠፍተው ዳ 40 ቢሆን የመንገዱ ግምት ከ232 ወደ 260 ገደማ ይዘላል። ስለዚህ ሁለት ምልክት ይደረግ፦ ማሰሪያና የከብት መለያ ቀለም። ቀለሙ በጀርባና በሁለቱም ጎን ይሁን፣ ከዓይንና ከአፍንጫ ይራቅ። የሚረጨው ቀለም ፉጨት ውሻውን ስለሚያስደነግጥ የሚለቀለቀው ጠጣሩ ዓይነት ይሻላል። በጥቁር ውሻ ላይ ሰማያዊ አይታይም፤ ብርቱካናማ ይታያል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ማንኛውም ቀለም ፈጥኖ ስለሚለቅ ሥራው ለበጋ ቢቆይ ይመረጣል።

ሁለት ምልክት መኖሩ የጠፋውን ለማስላት ያስችላል። ከ45ቱ 36ቱ ሁለቱም፣ 6ቱ ማሰሪያ ብቻ፣ 3ቱ ቀለም ብቻ ቢኖራቸው፣ ቀለም የመጥፋት ዕድሉ 6 ÷ 42፣ ማለትም 14.3 በመቶ ነው። የማሰሪያው 3 ÷ 39፣ ማለትም 7.7 በመቶ። ሁለቱም አብረው የመጥፋት ዕድል የሁለቱ ብዜት ነው፦ 1.1 በመቶ። 45 በ0.989 ሲካፈል 45.5 ይሆናል፤ በዚህ መጠን ግምቱን የሚያናውጥ ነገር የለም። ማሰሪያ ብቻ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ሦስቱን አጥተን እንዳጣን እንኳ አናውቅም ነበር።

ውሻ የሚይዙ ሠራተኞች አስቀድመው የመከላከያ ክትባት የወሰዱ ብቻ ይሁኑ። ንክሻ ቢያጋጥም ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና ወደ ሕክምና ይኬድ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይያዝ።

ቀኑና ሰዓቱ

በሁለቱ ዙሮች መሃል ውሻ ካልገባ፣ ካልወጣ፣ ካልሞተና ካልተወለደ ስሌቱ ትክክል ነው። በመሃሉ ሞት ወይም መውጣት ብቻ ካለና ምልክት ያለውንም የሌለውንም እኩል ከነካ ግምቱ ለመጀመሪያው ቀን ይሠራል። ገቢ ብቻ ካለ ለሁለተኛው ቀን ይሠራል። ሁለቱም ካሉ ለየትኛውም ቀን ከእውነቱ በላይ ነው። መኪና በየቀኑ ውሻ ይገጫል፤ በወንዞቹ ሸለቆ ደግሞ ጅብ ሌሊት ይወርዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር በማግሥቱ ወይም ቢበዛ በሦስተኛው ቀን ይሁን።

የጾም አቆጣጠርን ያላየ ዕቅድ እዚህ ከተማ ውስጥ ይወድቃል። በቅበላ ሳምንት የሥጋ ቤት ደጅ በአጥንትና በትርፍራፊ ይሞላል፣ ውሻውም እዚያ ይሰበሰባል። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀናት ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ይቀዘቅዛሉ፤ ውሻው ወደ ገንዳ፣ ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ ሌላ ሰፈር ይበተናል። በቅበላ ምልክት አድርጎ በሁዳዴ መቁጠር ሁለት የተለያዩ የውሻ ስብስቦችን ማወዳደር ነው። በተራው ሳምንትም ረቡዕና ዓርብ ከሌሎቹ ቀናት ይለያሉ፤ ሁለቱም ዙሮች ወይ በጾም ወይ በፍስክ ቀናት ይዋሉ። ትልቅ ንግሥ ባለበት ቀን በጊዮርጊስ ዙሪያ መቁጠር አይሞከር።

ቆጠራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ይካሄድ፤ ብርሃን አለ፣ መኪናው ገና አልበዛም። አካባቢው በክፍሎች ተከፍሎ ሁሉም በአንድ ጠዋት ይሸፈን፤ ያ ካልተቻለ ክፍሎቹ በዕጣ ይመረጡ። ቡድኑ ሁለት ሰው ነው፣ አንዱ ያያል፣ ሌላው ይጽፋል። እያንዳንዱ መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ይኬድበት። ውሻ አይጠራ፣ ምግብም አይጣልለት፤ ለጥሪ ቀድሞ የሚመጣው ሰው የለመደው፣ ምልክት የታሰረለት ውሻ ነው። አንገቱና ጎኑ ያልታየ ውሻ «አልተለየም» ተብሎ ይጻፍ፣ ታ ውስጥም ዳ ውስጥም አይግባ። «ምልክት የለውም» ብሎ መገመት ታን ብቻ ያሳድጋል። አንድ ውሻ ሁለቴ መቆጠሩን መከላከል ካልተቻለ የቤይሊ ቀመር ይመረጣል፦ ም × (ታ + 1) ÷ (ዳ + 1)። በእኛ ቁጥር 70 × 151 ÷ 46 = 230፤ ከ232 ብዙም አይርቅም።

ሰው ለማያስጠጉት ውሾች የስልክ ፎቶ ይረዳል። ግራም ቀኝም ጎን ይነሳ፤ የጆሮ ቅርጽ፣ የጅራት ጫፍ፣ ጠባሳ ይመዝገብ። ዥጉርጉር ውሻ በቀላሉ ይለያል። ቡላ ውሻ ግን መሃል ከተማ ሞልቷል፣ እርስ በርስም ይመሳሰላል። ሁለት ሰዎች ፎቶዎቹን ሳይመካከሩ ያዛምዱና ውጤታቸውን ያነጻጽሩ። አንድ ውሻ ሁለት ተብሎ ከተመዘገበ ግምቱ ያብጣል። ሦስት ጠዋት ፎቶ ተነስቶ ግምቱ ከቀን ወደ ቀን እያደገ ከሄደ፣ ለምሳሌ በሁለተኛው ቀን 60 × 70 ÷ 14 = 300፣ በሦስተኛው 116 × 66 ÷ 22 = 348 ከሆነ፣ ወይ ፈሪዎቹ ውሾች ዘግይተው እየወጡ ነው፣ ወይ ከውጭ ውሻ እየገባ ነው፣ ወይ ፎቶዎቹ በትክክል አልተዛመዱም። የቱ እንደሆነ ሳይለይ አማካዩን ወስዶ መዝጋት አይገባም።

በሪፖርቱ ላይ ም፣ ታ፣ ዳ ለመንገድና ለግቢ ለየብቻ ይጻፉ፤ ያልተለዩት ውሾች ብዛት፣ ከወሰን ውጭ የመጡት፣ የጠፉ ምልክቶች ስሌት፣ ቀኑ ጾም ይሁን ፍስክ፣ የወሰኑ ካርታም ይካተቱ። የማሰሪያው ቀለም በየዓመቱ ይቀየር። የዘንድሮው ቀይና ቢጫ ከሆነ የከርሞው ሰማያዊና ነጭ ይሁን፤ ያለዚያ አምና የታሰረ ማሰሪያ ዘንድሮ ዳ ውስጥ ገብቶ ግምቱን ያሳንሳል፣ ክትባቱን ያላደሰውም ውሻ እንደተከተበ ይቆጠራል።